ከጅማ ወደ ኪጋሊ፦ ከመዛወር በፊት የተደረገ የቅኝት ጉዞ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት፣ ጅማ፦ ጥያቄዎችን መለየት

ከኪጋሊ የቀረበልኝ ሥራ የቡና ጥራት ኃላፊነት ነው። ድርጅቱ የታጠበ ቡና (እሸቱ ተፈልፍሎ በውኃ የታጠበ) ከማጠቢያ ጣቢያዎች እየተረከበ ወደ ውጭ የሚልክ ሲሆን፣ የእኔ ድርሻ የቅምሻ ክፍሉን መምራትና በመኸር ወቅት ጣቢያዎቹን እየዞሩ መቆጣጠር ይሆናል። ረቂቅ ውሉ በኢሜይል ደርሶኛል፤ ሆኖም ባለትዳርና የልጅ አባት የሆነ ሰው በወረቀት ላይ ያለን ደመወዝ ብቻ አይቶ አገር ይለውጥ ዘንድ ተገቢ ሆኖ ስላልታየኝ፣ ከመፈረሜ በፊት በራሴ ወጪ አጭር የቅኝት ጉዞ ለማድረግ ወስኛለሁ።

በመጀመሪያ የሠራሁት ጥያቄዎቼን በሁለት መክፈል ነው። ጅማ ተቀምጬ በስልክ፣ በኢሜይል ወይም ሕግ በማንበብ መልስ ማግኘት የምችልባቸውን በአንድ ወገን ጻፍኩ፤ በዓይን፣ በአፍንጫና በእግር ካልሆነ በስተቀር የማይታወቁትን ደግሞ በሌላው። ግብር፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የዓመት ዕረፍትና የጡረታ መዋጮ በመጀመሪያው ውስጥ ገቡ። የእነርሱን ቡና በትክክል መቅመስ መቻሌ፣ ከቤት ወደ ሥራ የሚደረገው ጉዞ፣ የኪራይ ቤቶቹ ሁኔታና የልጄ ትምህርት ቤት በሁለተኛው ውስጥ ቀሩ። የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው ለሁለተኛው ዝርዝር ብቻ ነው።

ጊዜውን የመረጥኩት በመኸሩ መሠረት ነው። በጅማ ዙሪያ፣ በማና፣ በጎማና በሊሙ ኮሳ፣ የቀይ እሸት ለቀማ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያልቃል፤ የሩዋንዳ ዋና መኸር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመጋቢት እስከ ሰኔ ድረስ ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ ሲቀዘቅዝ የእነርሱ ጣቢያዎች ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ናቸው። ወቅቱ ዝናባማ መሆኑንም እንደ ጥቅም ቆጥሬዋለሁ፤ የሚያፈስ ጣሪያም ሆነ በጭቃ የሚዘጋ መንገድ በበጋ አይታይም። በሌላ በኩል መጋቢት 29 ቀን በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 የተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ ሳምንት የሚጀምርበት ዕለት ነው። በዚያ የሐዘን ሳምንት የቤት ኪራይ እያልኩ ሰው ማስቸገር ስለማልፈልግ፣ ጉዞው ከዚያ በፊት እንዲያልቅ አድርጌ ቀኑን ቆረጥኩ።

የካቲት መጨረሻ፣ ጅማ፦ የተጣራ ደመወዝ ስሌት

ይህን ክፍል በሰፊው የምጽፈው፣ በውጭ አገር ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ረቂቅ ውሉ ላይ ያለው ያልተጣራ የወር ደመወዝ 1,000,000 የሩዋንዳ ፍራንክ ነው። በሩዋንዳ የደመወዝ ግብር የመጀመሪያው 60,000 ፍራንክ ነጻ ነው፤ ከዚያ እስከ 100,000 ያለው 10 በመቶ፣ እስከ 200,000 ያለው 20 በመቶ፣ ከ200,000 በላይ ያለው ደግሞ 30 በመቶ ይከፈልበታል። ሲደመር 4,000፣ 20,000 እና 240,000፣ በጠቅላላው 264,000 ፍራንክ ግብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮው እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ በእጥፍ አድጎ ከሠራተኛው 6 በመቶ፣ ከአሠሪውም 6 በመቶ ሆኗል፤ ስለዚህ ሌላ 60,000 ይቀነሳል። ለወሊድ ፈቃድ መድን 0.3 በመቶ፣ ከተጣራው ላይ ደግሞ ለማኅበረሰብ ጤና መድን ድጎማ 0.5 በመቶ ሲወጣ፣ በእጅ የሚገባው ከ669,000 ፍራንክ ትንሽ ከፍ ይላል።

ከስሌቱ የወጣው ሁለተኛው ቁም ነገር የአበል ጉዳይ ነው። «የቤት አበል ይጨመርልኝ» ብዬ 100,000 ፍራንክ ባገኝ፣ ጭማሪው በሙሉ ከፍተኛው የግብር እርከን ላይ ስለሚወድቅ ከግብርና ከመዋጮ በኋላ የሚቀረኝ 63,000 ፍራንክ ገደማ ብቻ ነው። ከአሠሪ ጋር የሚደረግ ድርድር በተጣራ ገንዘብ መሆን እንዳለበት ያሳመነኝ ይህ ቁጥር ነው።

በእኛ በኩል ያለውን የጡረታ ነገርም አየሁ። እዚህ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል፤ ስሄድ ይህ መዋጮ ይቆማል። እስከ አሁን የተዋጣው በስሜ በትክክል መመዝገቡን ለማረጋገጥ የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቄ ወሰድኩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ የጠፋ መዝገብ ከውጭ አገር ሆኖ መፈለግ ከባድ ስለሆነ፣ ይህን ማንም ሰው ሳይሄድ በፊት ቢያደርገው እመክራለሁ።

መጋቢት መጀመሪያ፣ ጅማና አዲስ አበባ፦ ወረቀትና ገንዘብ

ሩዋንዳ የአፍሪካ አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ ክፍያ ለ30 ቀን እንዲገቡ ስለምትፈቅድ ኤምባሲ መመላለስ አላስፈለገም። ነገር ግን ይህ ፈቃድ ለጉብኝት እንጂ ለሥራ አይደለም። በዚህም ምክንያት ለአሠሪው፣ በቅምሻ ክፍሉ የምገኘው እንደ እንግዳ መሆኑንና ምንም ዓይነት ክፍያ እንደማልቀበል አስቀድሜ ጻፍኩ፤ ወደፊት የመኖሪያ ፈቃድ የምጠይቅበትን አገር ሕግ በመጀመሪያው ጉዞ መጣስ አይገባም።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱን ከዓመታት በፊት ወስጄዋለሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ስላደረገ አሮጌው በቂ ነው። ፓስፖርቱ ከስድስት ወር በላይ ዕድሜ ቀርቶታል።

የውጭ ምንዛሪው ግን ጊዜ ፈጀ። አንድ ባንክ ቪዛ የተመታበት ገጽ ካላየን ዶላር አንሸጥም አለ፤ ቪዛ የማያስፈልግበት አገር መሆኑን በቃል ማስረዳቱ አልረዳም። ቀጥሎ የሞከርኩት የሩዋንዳን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አትሞ፣ ከአሠሪው የግብዣ ደብዳቤና ከደርሶ መልስ ትኬቱ ጋር አያይዞ ወደ ሌላ ባንክ መሄድ ነበር፤ በዚህ መንገድ ተፈቀደ። ወደ ቪዛ አልባ አገር የሚሄድ ሰው እነዚህን ሦስት ወረቀቶች አንድ ላይ ቢይዝ ይጠቅመዋል።

ከጅማ የቡና ናሙና ይዤ ለመሄድም አስቤ ነበር፤ ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ጥሩ ማመሳከሪያ ይሆን ነበር። ይሁን እንጂ ጥሬ ቡና ድንበር ለማሻገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የወጪ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ ለአንድ ገበታ ቅምሻ የዚያ ሁሉ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣልና ተውኩት። ሻንጣውን ሳዘጋጅም ሽሮና በርበሬውን ከፌስታል አውጥቼ በጨርቅ ከረጢትና በጣሳ አደረግሁት፤ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይም ይወሰዳል።

መጋቢት፣ ኪጋሊ፦ የቅምሻ ክፍሉ

የድርጅቱ መጋዘንና የቅምሻ ክፍል የሚገኙት ማሶሮ በሚገኘው ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ውስጥ ነው። ኪጋሊ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,570 ሜትር ትሆናለች፤ ጅማ ከ1,700 በላይ ናት። ሰዓቱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አየሩ ለጅማ ሰው ምንም አይከብድም።

የቅምሻው ሥርዓት አንድ ነው፦ 8.25 ግራም ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት ሲኒ፣ ውኃው 93 ዲግሪ ገደማ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ የላዩን አረፋ በማንኪያ መስበር። በሁለቱም ከተሞች ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ94 እስከ 95 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ከፈላ በኋላ ብዙ መጠበቅ አያሻም። የናሙና መቁያው አነስተኛ ባለሁለት ከበሮ ሲሆን በሥነ ሥርዓት የተያዘ ነው፤ የመፍጫው ጥርስ ግን መቀየር አለበት፣ የተፈጨው ቡና ድቀቱ እኩል አይደለም። ይህን አሁን ላሉት የክፍሉ ኃላፊ ነግሬያቸው እርሳቸውም መለዋወጫ መታዘዙን ገለጹልኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የእኔ አፍንጫ የሠለጠነው በጅማ ቡና እንከኖች ላይ ነው፤ መሬት ላይ የደረቀ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) የሚያመጣውን የአፈር ሽታ፣ ከመጠን በላይ የተብላላውን፣ ሻጋታውን ከሩቅ እለያለሁ። በሩዋንዳና በቡሩንዲ ያለው ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው፤ እንደ ተላጠ ጥሬ ድንች የሚሸት እንከን ሲሆን፣ መንስኤው ፓይራዚን የሚባል ውህድ ነው፤ አንቴስቲያ የተባለው ትኋን መሰል ተባይ ፍሬውን ከመውጋቱ ጋርም ይያያዛል። አስቸጋሪነቱ ጥሬ ፍሬው ላይ በዓይን አለመታየቱ ነው። አንድ ፍሬ ብቻ አንዱን ሲኒ ያበላሻል፤ የቀሩት አራቱ ሲኒዎች ንጹሕና ጣፋጭ ሆነው ሊቀርቡ ይችላሉ። ስለዚህ እዚያ አምስቱን ሲኒ አንድ በአንድ ማሽተት የነጥብ አሰጣጥ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የጭነቱን ዕጣ የሚወስን ሥራ ነው።

ኃላፊዋ የናሙናዎቹን ማንነት ሸፍነው ገበታ አዘጋጁልኝ። ጠንከር ያለውን የድንች ሽታ ገና ዱቄቱ ሲፈጭ ለየሁት፤ ደብዛዛ በሆነበት ሲኒ ላይ ግን የእነርሱ ቀማሾች ከእኔ ቀድመው እጃቸውን አነሱ። ይህ በሥልጠና የሚሞላ ልዩነት መሆኑን ሁለታችንም አምነንበታል። ከዚህ የተነሳ በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ወሰንኩ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭነት የማሳለፍ ፊርማ ከነባር ቀማሽ ጋር በጋራ እንዲሆን። እንዲህ ያለ ነገር ከጅማ ሆኖ በስልክ ፈጽሞ አይታወቅም።

ስለ ጣዕሙ ጥቂት ልጨምር። በአብዛኛው የሚተከለው ቡርቦን የሚባለው የቡና ዝርያ ነው፤ በጥሩ ጣቢያ የታጠበው ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ብርቱካንማ አሲድ ያለው ነው። 74110 እና 74112 የተባሉትን የእኛን ዝርያዎች ለለመደ ምላስ የአበባ ሽታው ያንሳል፣ የስኳሩ ጣፋጭነት ግን ይጎላል። እነዚህ የእኛ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከኢሉባቦር ተሰብስበው የቡና ፍሬ በሽታን በመቋቋማቸው የተመረጡና በመልኮ ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ስነግራቸው የቅምሻ ክፍሉ ወጣቶች በጥሞና ይጠይቁኝ ነበር። ይህ እውቀት እዚያ ዋጋ እንዳለው ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል፤ ከደመወዙ ይልቅ ወደ ሥራው የሳበኝም ይህ ነው።

ሁዬ፦ የማጠቢያ ጣቢያ

ከኪጋሊ ኒያቡጎጎ መናኸሪያ ተነስቼ በደቡብ መንገድ ወደ ሁዬ ሄድኩ፤ ርቀቱ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ጥሩ አስፋልት ሆኖ ጠመዝማዛ ነው። ሁዬ ውስጥ ያለችው ማራባ የሩዋንዳ የታጠበ ቡና ስም የወጣባት ቦታ ናት፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማጠቢያ ጣቢያ ተክሎ ልዩ ጣዕም ላለው ቡና ገበያ መሸጥ የጀመረው እዚያ ነው።

የጎበኘሁት ጣቢያ ከእኛ አጋሮ አካባቢ ሳይቶች ጋር በአሠራሩ ይመሳሰላል፦ እሸቱ በውኃ ይፈተንና ተንሳፋፊው ይወገዳል፣ በዚያው ቀን ይፈለፈላል፣ ይብላላል፣ በቦይ እየታጠበ በክብደቱ ይለያል፣ ከዚያ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይወጣል። ልዩነቱ ያለው ለቀማው ላይ ነው። ፍሬው ገና እርጥብ ሳለ ጥላ ሥር በተዘረጋ አልጋ ላይ ሴቶች ዙሪያውን ቆመው በተባይ የተወጋውንና የተሰበረውን ይለቅማሉ፤ እንከኑ በእርጥበት ጊዜ ከገለባው ሥር ስለሚታይ ነው። የድንቹን እንከን ለመቀነስ በተግባር ከተገኙት መንገዶች አንዱ ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እኛም ጋ እርጥብ ለቀማ አለ፤ ይህን ያህል የሰው ጉልበት የተመደበለት ግን አላየሁም። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የጣቢያ ቁጥጥሩ ከባድነትም ታወቀኝ። እሸቱ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ፍልፈላው እስከ ሌሊት ይቆያል፤ ተቆጣጣሪ በዚያው ማደር አለበት። ረቂቅ ውሉ ስለ ውሎ አበልና ስለ ማደሪያ አንዳች ነገር አይልም። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩበት።

ኪጋሊ፦ ቤት ፍለጋ

ከማሶሮ በቅርብ ያሉ ሰፈሮች ኪሚሮንኮ፣ ኪባጋባጋና ሬሜራ ናቸው። ደላላ ቤት ለማሳየት ብቻ 5,000 ፍራንክ ይጠይቃል፤ ቤቱ ከተገኘ ኮሚሽን ለብቻው ነው። ከመሄዴ በፊት ሁለት መኝታ ቤት በ200,000 ፍራንክ ይገኛል ብዬ ይዤ ነበር፤ በዚህ ዋጋ የታዩት ግን ከዋናው መንገድ ርቀው በቁልቁለት ላይ ያሉ ናቸው። ኪሚሮንኮ ገበያ አካባቢ ዕቃ የሌለው ደህና ቤት 300,000፣ ኪባጋባጋ ዕቃ የተሟላለት 600,000 ተጠየቅሁ። አከራዮች የሦስት ወር ቅድሚያና የአንድ ወር መያዣ ይፈልጋሉ፤ ይህ ማለት ለ300,000ው ቤት ቁልፍ ለመረከብ 1,200,000 ፍራንክ በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው። ከተጣራው ደመወዜ ሁለት ወር የሚጠጋ መሆኑ ነው።

ቤቶቹን ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት ለማየት ጥረት አደረግሁ። በአንደኛው የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባበት ቦታ ነበር፤ ዝናቡ ሲበረታ ከዚያው ቦታ ውኃ መውረድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባየሁት ቤት ሁሉ ኮርኒስ፣ የውኃ ታንከርና የቅድመ ክፍያ መብራት ቆጣሪውን ማየት ልማድ ሆነ፤ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና የቆየ ዕዳ እንዳለበት መጠየቅም አስፈላጊ ነው።

የሥራ መንገዱን በሥራ ሰዓት ሞከርኩት። ከኪሚሮንኮ በአውቶቡስ፣ በካርድ እየተከፈለ፣ ሰልፉን ጨምሮ አርባ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በሞተር ሳይክል ታክሲ ሩብ ሰዓት ነው፤ ተሳፋሪም ሄልሜት ያደርጋል፣ ዋጋው ግን የአውቶቡሱን ብዙ እጥፍ ነው። ዝናብ ሲጥል ሞተሮቹ ስለሚቆሙ ለሥራ ሰዓት መተማመኛ አይሆኑም። በጀቱን በአውቶቡስ ሠራሁት።

ሬሜራ እንጀራ የሚጋግሩ አንዲት እናት አገኘሁ፤ ኪጋሊ ብዙ ዓመት ኖረዋል። የቤቱን ሒሳብ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ሙከራው ሳያልቅ ለሦስት ሰው ቤት ምን ያደርግልሃል? አንድ ክፍል ተከራይተህ ጀምር፤ ሚስትህና ልጅህ በኋላ ይደርሳሉ» አሉኝ። እኔም «እትዬ፣ ባለቤቴ ይህን ብትሰማ ደስ አይላትም» ስላቸው፣ «ስልኩን ደውልና እኔ ልንገራት» ብለው በዚያው ሰዓት ከባለቤቴ ጋር ተነጋገሩ። እርሳቸው ከነገሯት በኋላ ነገሩ ቀለለልኝ። ረቂቅ ውሉ የሙከራ ጊዜውን ሦስት ወር ያደርገዋል፤ በዚያ ጊዜ ውሉ ቢቋረጥ ከነቤተሰቤ የቤት ቅድሚያ ከፍዬ መገኘት የማልሸከመው ኪሳራ ነው።

ኪጋሊ፦ ትምህርት ቤትና የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። በሩዋንዳ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሲሆን የትምህርት ዘመኑም እንደ እኛው በመስከረም ይጀምራል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ማቋረጥ የለም። ያየሁት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የተተረጎመ የልደት ምስክር ወረቀትና የመጨረሻውን ዓመት ውጤት ይጠይቃል፤ ክፍያው በተርም 250,000 ፍራንክ ነው፣ ዓመቱም ሦስት ተርም አለው። እስከ መስከረም ድረስ እንግሊዝኛዋን እንድታጠናክር ጅማ ላይ አስጠኚ መያዝ እንዳለብን ለባለቤቴ ጻፍኩላት።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ኡሙጋንዳ የሚባለው የጋራ ሥራ ቀን ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል። ካረፍኩበት ቤት ባለቤቶች ጋር ወጥቼ ቦይ ጠረግሁ፤ ከዚያ የተደረገው የሰፈር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ማንነቴን ጠይቀው ተቀበሉኝ። በዚያ ቀን ጠዋት ቤት ለማየት ወይም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ ማቀድ አያዋጣም።

ሚያዝያ፣ ጅማ፦ ውጤትና ቀጣይ ሥራ

ከተመለስኩ በኋላ ለአሠሪው የማሻሻያ ጥያቄዎቼን በአንድ ደብዳቤ ላክሁ፦ የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያውንና የመጀመሪያውን ትኬት ድርጅቱ እንዲችል፣ ጣቢያ ለሚታደርበት ሌሊት አበልና ማደሪያ በውሉ እንዲጻፍ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭነት የማሳለፍ ፊርማ የጋራ እንዲሆን፣ ደመወዙም በተጣራ መጠን እንዲገለጽ። የዓመት ዕረፍቱ በሩዋንዳ ሕግ 18 የሥራ ቀን ስለሆነ ክርክር አላነሳሁበትም፤ እኛ ጋ የመጀመሪያው ዓመት 16 ነው።

መልሱ በሳምንት ውስጥ መጣ። ፈቃዱን፣ ትኬቱን፣ የጣቢያ አበሉንና የጋራ ፊርማውን ተቀብለዋል። ደመወዙን በተጣራ መጻፉን አልተቀበሉም፤ በምትኩ ከሙከራ ጊዜው በኋላ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የሚሆን፣ በስድስት ወር ከደመወዝ የሚቆረጥ ብድር አቀረቡ። ይህ የቤቱን ዋና እንቅፋት ስለሚፈታ ተስማምቻለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኪሚሮንኮ አንድ ክፍል በ100,000 ፍራንክ ይበቃኛል፤ የቀረውን ገንዘብ ለባለቤቴና ለኋላው ቤት መያዣ እከፍለዋለሁ።

አሁን በእጄ ያሉት ሥራዎች የወረቀት ናቸው። ከወንጀል ነጻ የምስክር ወረቀት ጠይቄያለሁ፤ ዲግሪዬ ተረጋግጦ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲጸና አዲስ አበባ ተልኳል፤ ለባለቤቴ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ውክልና ሰጥቻለሁ። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ ቀጥታ ቅጥርን በመርህ የሚከለክል ቢሆንም፣ ሥራውን በራሱ ጥረት ላገኘ ሰው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሊፈቅድ ስለሚችል የተሻሻለውን ውል ይዤ ለዚሁ ሚኒስቴር ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን የማስገባው ይህ ማጽደቂያ በእጄ ከገባ በኋላ ነው።